አሮጌው ዓለም ከጠፋ በኋላ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 አንድ የዋርሃመር ተጫዋች የጥቁር ኤልፍ ጦሩን ሰብስቦ እሳት ለኮሰበት። ሲቃጠልም በቪዲዮ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ወታደሮቹ እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት የማይበልጡ ምስሎች ናቸው። ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ቪዲዮውን ቢያይ የሚያየው የሚቀልጥ ፕላስቲክ ብቻ ነው። የሚያውቀው ግን የሚያየው የእጅ ሥራ ነው፤ ከፍሬሙ በምላጭ ተቆርጦ፣ በሙጫ ተገጣጥሞ፣ በቀጭን ብሩሽ ዓይኑና የጋሻው ምልክት ሳይቀር የተሣለ፣ የብዙ ሌሊት ድካም።

የዚያን እሳት ምክንያት ለመረዳት ጠረጴዛውን ማወቅ ያስፈልጋል። ዋርሃመር የጦርነት ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች 6 በ4 ጫማ በሚሆን ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ጠረጴዛው ላይ ኮረብታው፣ ጫካውና የፈረሰው ግንብ በትንሹ ተሠርቶ ተቀምጧል። ጦራቸውን አሰልፈው በየተራ ያንቀሳቅሳሉ፤ ርቀቱን በመለኪያ ገመድ ይለካሉ፣ የቀስቱንና የሰይፉን ዕድል በዳይስ ይወስናሉ። እያንዳንዱ ወታደር የሚቆመው በአራት ማዕዘን መቆሚያ ላይ ነው። ይህ አራት ማዕዘን ተራ ነገር እንዳይመስል፤ የጨዋታው ነፍስ እሱ ነበር። ወታደሮቹ ጎን ለጎን፣ ፊትና ኋላ ተጠጋግተው እንደ አንድ አካል የሚሰለፉት በእሱ ነው። ሰልፉ ጎን አለው፣ ጀርባ አለው። ጠላት ከፊት ሲመጣና ከጎን ሲመጣ ውጊያው አንድ አይደለም፤ ሰልፉን ለማዞርም ቦታና ጊዜ ይፈጃል። ጥሩ ተጫዋች የሚለየው በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የፈጠረው ኩባንያ ጌምስ ወርክሾፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች ሲመሠርቱት ሥራው ከእንጨት የመጫወቻ ሰሌዳ መሥራት ነበር። ቀጥሎ ከአሜሪካ የመጣውን ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን ጨዋታ በእንግሊዝ ማከፋፈል ያዘ፤ በ1977 ዋይት ድዋርፍ የተባለ መጽሔት ጀመረ፤ በ1979 ደግሞ ምስል የሚያመርተው ሲታዴል ተቋቋመ። ያን ጊዜ ምስሎቹ የሚሠሩት ከእርሳስ ነበር። ገዢው የሚገዛው ግን አንድ ጀግና፣ ሁለት ጭራቅ ብቻ ነው፤ ለደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ዓይነት ጨዋታ የሚበቃው ያ ነበርና። ብራያን አንሴል፣ ሪክ ፕሪስትሊና ሪቻርድ ሃሊዌል በ1983 የመጀመሪያውን ዋርሃመር ያወጡት ይህንን ለመለወጥ ነው። ሰው አንድ ጀግና ሳይሆን ሙሉ ጦር እንዲኖረው የሚያደርግ ጨዋታ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ጨዋታው ከመነሻው የንግድ ልጅ ነው። ይህንን መርሳት አይገባም፤ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ ይጀምራልና።

ነገር ግን ለሽያጭ ተብሎ የተፈጠረው ነገር ቀስ በቀስ አገር ሆነ። ካርታው ከእኛው ምድር ጋር ይመሳሰላል፤ ሆን ተብሎም ነው። መሃሉ ላይ በ16ኛው መቶ ዘመን የነበረችውን ጀርመን የምትመስል ኢምፓየር አለች፤ መራጭ መሳፍንት፣ የታጠፈና የተነፋ እጅጌ የለበሱ ጦረኞች፣ ባሩድና መድፍ፣ የሚከራከሩ ቀሳውስት። መሥራቿ ሲግማር የተባለ ባለ መዶሻ ንጉሥ ነው፤ ሕዝቡ እንደ አምላክ ያመልከዋል። በምዕራብ የብሬቶኒያ ባላባቶች ከመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይና ከንጉሥ አርተር ተረት የተቀዱ ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ የበረዶዋ ኪስሌቭ፣ በደቡብ በረሃ ደግሞ ከሞት ተነሥተው አጽማቸው የሚዋጋ የኔሄካራ ነገሥታት፣ ከግብፅ ፒራሚዶች የተወለዱ። ከተራራው ሥር ድንክዬዎቹ አሉ። እነዚህ የተበደሉትን ሁሉ በአንድ ትልቅ የቂም መዝገብ ይጽፋሉ፤ በደሉ እስኪካስ ድረስ የተጻፈው አይሰረዝም። ለዚህ ሁሉ ደራሲው ቶልኪን አባት ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። የዋርሃመር ዓለም ግን ከቶልኪን ይልቅ ጭቃ፣ ረሃብና ቸነፈር ይበዛዋል፤ ጀግናውም ብዙ ጊዜ ዕዳ ያለበት ሰው ነው።

ሌላው መለያው ሰዓቱ መቆሙ ነበር። በዚያ ዓለም አቆጣጠር ዓመቱ ለረጅም ጊዜ ከ2522 አካባቢ አላለፈም። የኢምፓየሯ ንጉሠ ነገሥት ካርል ፍራንዝ በአልትዶርፍ ከተማ ተቀምጧል፣ ከሰሜን የጥፋት ሠራዊት ሊመጣ ነው፣ ሁልጊዜ ሊመጣ ነው። መጽሐፉ በስምንት እትሞች ሲወጣ ሕጉ ተለወጠ፤ ዓለሙ ግን እዚያው ጥፋት አፋፍ ላይ ቆመ። ይህ ጉድለት ሊመስል ይችላል። ለተጫዋቹ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ነበር። ታሪኩ ካልቀጠለ ባዶውን የሚሞላው እሱ ነው። ለጄኔራሉ ስም ያወጣል፣ ለክፍለ ጦሩ ዓርማ ይስላል፣ በካርታው ላይ በስም ብቻ ያለች መንደር የእሱ ትሆናለች። ባለፈው ክረምት ከጓደኛው ጋር ያደረገው ጦርነት የዚያ ዓለም ታሪክ ነው። ከኩባንያው መጻሕፍት ገጽ ይልቅ በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈው ታሪክ እጅግ ይበዛል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሰዓቱን ለማንቀሳቀስ አንድ ጊዜ ተሞክሯል። በ2004 ኩባንያው ታላቅ ዘመቻ አወጀ፤ በየአገሩ ያሉ ተጫዋቾች የውጊያቸውን ውጤት ልከው የዓለሙን ዕጣ እንዲወስኑ ተጠሩ። የጥፋቱ አለቃ አርካዮን ሚደንሃይም ከተማን ሊደመስስ ይዘምታል ተባለ። መጨረሻው ግን ግሪምጎር የተባለ ኦርክ ጣልቃ ገብቶ አርካዮንን መሬት ላይ ዘርሮት መሄዱ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኩባንያው ያንን ሁሉ እንዳልነበረ ቆጥሮ ሰዓቱን ወደ ቦታው መለሰ። ውጤታቸውን የላኩት ተጫዋቾች ግን አልረሱትም።

በ2010 የወጣው ስምንተኛው እትም ብዙ ሰው ላለበት ሰልፍ ኃይል ሰጠ። ይህ ማለት ለአንድ ክፍለ ጦር ብቻ 40፣ 50 ምስል መግዛትና መቀባት ማለት ነው። ጦር ያለው ጨመረ፤ አዲስ የሚገባው ግን ደጃፉ ላይ ዋጋውን አይቶ ተመለሰ። በዚያ ላይ በ1987 የመጣው ታናሽ ወንድሙ፣ በሩቅ ዘመን ጠፈር ላይ የሚካሄደው ዋርሃመር 40,000፣ በሽያጭ ከታላቁ በእጅጉ በልጦ ነበር። ለአክሲዮን ገበያ ለቀረበ ኩባንያ ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አንድ ተጨማሪ ችግርም ነበር፤ ኤልፍ፣ ድንክዬ፣ ኦርክ፣ አጽም ማንም ሰው ቀርጾ ሊሸጠው ይችላል። የሕግ ባለቤትነት የሚያጸና አዲስ ስምና አዲስ ቅርጽ ይፈለግ ነበር።

በነሐሴ 2014 «የፍጻሜው ዘመን» የተባሉ መጻሕፍት መውጣት ጀመሩ። አምስት ናቸው። የመጀመሪያው ናጋሽ የተባለውን የሙታን ጌታ ይዞ መጣ፤ ቶሎም ተሽጦ አለቀ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኋላ ላይ ደጋፊው ለውጥ የማይወድ ግትር ነው ተብሎ ተወርቶበታልና። ሐቁ ሌላ ነው። ተጫዋቹ መጻሕፍቱን ተሻምቶ ገዛ። የኤልፎቹ ደሴት ኡልቱዋን ባሕር ውስጥ ሰጠመች፤ ካርል ፍራንዝ ወድቆ የሲግማር ኃይል አድሮበት ተነሣ፤ የአይጥ ሰዎቹ ጨረቃ አፈንድተው በሉስትሪያ ጫካዎች ላይ አዘነቡ። ብዙዎች እያዘኑም እየተደነቁም ተከተሉት። የሚወዱት ዓለም በክብር ሲዋጋ ማየት ፈልገው ነበር። በመጋቢት 2015 በመጨረሻው መጽሐፍ ሚደንሃይም ላይ የቀሩት ጀግኖች ተሸነፉ፤ ዓለሙ ተዋጠ፣ ጠፋ። ያኔም ቢሆን አብዛኛው ተጫዋች የጠበቀው ዘጠነኛውን እትም ነበር። ታሪኩ ያልቃል፣ ጨዋታው ይቀጥላል ብሎ ነበር ያሰበው።

የመጣው ሌላ ነው።

ሐምሌ ላይ የሲግማር ዘመን የሚል አዲስ ጨዋታ ወጣ። አልትዶርፍ የለችም፣ ብሬቶኒያ የለችም፣ ካርታ የሚባል ነገር የለም፤ በምትኩ ስምንት የአስማት ዓለማት ተንሳፍፈዋል። ግንባር ላይ የቆሙት ወርቃማ ጥሩር የለበሱ፣ ከሰማይ በመብረቅ የሚወርዱ ግዙፍ ተዋጊዎች ናቸው። አሮጌው ዓለም ውስጥ ተራው ሰው በፍርሃት እየተንቀጠቀጠ ጦሩን ጨብጦ ይቆም ነበር፤ አሁን ግን ለእሱ ቦታ ያለ አይመስልም። የሕጉ መጽሐፍ በመቶዎች ገጽ የነበረው አራት ገጽ ሆነ። ነጥብ ቀረ። ቀድሞ እያንዳንዱ ወታደር የነጥብ ዋጋ ነበረው፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች «በ2,000 ነጥብ እንጫወት» ተባብለው እኩል ጦር ያሰልፉ ነበር። አሁን የፈለግከውን ያህል አምጣ ተባለ። ከሁሉም በላይ መቆሚያው ክብ ሆነ። ሰልፍ የለም፣ ጎን የለም፣ ጀርባ የለም፤ ሁሉም ተበታትኖ ይሮጣል።

የድሮዎቹን ጦሮች ይዘው የቀሩ ሰዎች አልተረሱም፤ ምስላቸውን በአዲሱ ጨዋታ የሚያስገባ ሕግ በነጻ ተሰጣቸው። ግን በሕጉ መሃል ቀልድ ተሰንቅሮ ነበር። ለአንዱ ጄኔራል ከተጋጣሚህ የበለጠ ሪዝ ካለህ ዳይሱን ድገም ይላል፤ ለድንክዬዎቹ ደግሞ ጢም ይጠየቃል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅ ነበር። በሐዘን ቤት የተነገረ ቀልድ ሆነ። ሃያ ዓመት ጦሩን የቀባ ሰው የእሱ ልፋት መሳለቂያ የሆነ መሰለው። እሳቱ የተለኮሰው በዚያው ወር ነው።

አብዛኛው ተጫዋች ግን አላቃጠለም። እንደ ድንክዬዎቹ ቂሙን መዝግቦ ሥራ ጀመረ። በአውሮፓ ውድድሮችን ሲያዘጋጁና ሕጎችን ሲያጣሩ የኖሩ ሰዎች ተሰባስበው «ዘጠነኛው ዘመን» የተባለ ጨዋታ ጻፉ፤ ስሙ ሳይመጣ የቀረውን ዘጠነኛ እትም ያስታውሳል። ያለ ክፍያ ጽፈው በነጻ አደሉት። በእንግሊዟ ኖቲንግሃም የሚገኘው ማንቲክ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ደግሞ ኪንግስ ኦፍ ዋር የሚል ጨዋታ ነበረው፤ የሕጉ ጸሐፊ አሌሲዮ ካቫቶሬ ቀድሞ የዋርሃመርን ሰባተኛ እትም የጻፈ ሰው ነው። ማንቲክ በሩን ከፈተ፤ ጌታ ላጡት ጦሮች የሚሆን መጽሐፍ አወጣ፣ የማንም ኩባንያ ምስል ቢሆን ይዛችሁ ኑ አለ። ሌሎች ምንም አልቀየሩም፤ ስድስተኛውን ወይም ስምንተኛውን እትም ይዘው በየክበባቸውና በየቤታቸው መጫወታቸውን ቀጠሉ። ዓለሙ እንደጠፋ የሚናገረው መጽሐፍ ከጠረጴዛቸው ላይ አንድም ወታደር አላነሣም።

ይህ በዋርሃመር ብቻ የደረሰ አይደለም። ኤድ ግሪንዉድ የተባለ ካናዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በልጅነቱ የፈጠረውና በ1987 ለደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የታተመው የፎርጎትን ሪልምስ ዓለም በ2008 ተመሳሳይ ዱላ አርፎበታል። አዲስ ሕግ ሲወጣ ዓለሙን ከሕጉ ጋር ለማስማማት የአስማት እመቤት ተገደለች፣ ምድር በአስማት መቅሠፍት ነደደ፣ አገሮች ከካርታ ተፋቁ፣ ዘመኑም አንድ መቶ ዓመት ገደማ ወደፊት ዘለለ። ተጫዋቹ የሚያውቃቸው ሰዎች፣ ረጅም ዕድሜ ካላቸው በስተቀር፣ በአንድ ሌሊት ሞቱ። በ2012 አሳታሚው ሌላ ታላቅ ለውጥ መምጣቱን አስታወቀ፤ በዚያም ብዙው ነገር ወደ ቀድሞው መልኩ ተጠገነ። አሜሪካዊው አሳታሚ ስህተቱን ለማረም ስድስት ዓመት ያህል ፈጀበት። እንግሊዛዊው ደግሞ ከዚያ ምንም የተማረ አይመስልም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በሁለት አቅጣጫ ነው። በ2015 መጀመሪያ ኬቨን ራውንትሪ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ለዓመታት ከደንበኛ ጋር መነጋገር ያቆመው ቤት ቀስ በቀስ ጆሮውን ከፈተ። በ2016 ክረምት ነጥብን የመለሰ መጽሐፍ ወጣ። የሲግማር ዘመን ከዚያ ወዲህ አፈር ልሶ ተነሣ፤ የራሱን ከተሞች፣ የራሱን ጀግኖች፣ የራሱን ታማኝ ተጫዋቾች አገኘ። ይህንን መካድ ለእነዚያ ተጫዋቾች ፍትሐዊ አይሆንም። ለእነሱ የመጀመሪያ ፍቅራቸው ያ ዓለም ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ የበለጠ ይገርማል። ዓለሙ ከጠፋ ከአንድ ዓመት ትንሽ በኋላ፣ በግንቦት 2016፣ ክሪዬቲቭ አሰምብሊ የተባለው የእንግሊዝ ስቱዲዮ ቶታል ዋር፦ ዋርሃመር የሚል የኮምፒውተር ጨዋታ አወጣ። ስቱዲዮው እስከዚያ ድረስ በሮማና በመካከለኛው ዘመን ጦርነቶች ነበር የሚታወቀው። የመረጠው ግን አሮጌውን ዓለም ነው፤ አልትዶርፍን፣ ካርል ፍራንዝን፣ ጎን ያለውንና ጀርባ ያለውን ሰልፍ። ብሩሽ ይዘው የማያውቁ ሰዎች ኢምፓየሯን ሊያድኑ ገቡ። ብሬቶኒያና የኔሄካራ ነገሥታት ምስላቸው ከገበያ ከወጣ በኋላም በስክሪን ላይ ጦራቸው ተሰለፈ። በ2022 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ካታይን አመጣ። ይህች የምሥራቅ አገር ለዐሥርት ዓመታት በካርታው ጫፍ ላይ በስም ብቻ የኖረች ነበረች። ለሞተ ዓለም አዲስ አገር ተፈለሰፈለት። አንድ ዓለም በሕይወት ለመኖሩ ምስክር ካለ ይህ ነው።

በኅዳር 2019 ኩባንያው አሮጌው ዓለም ይመለሳል አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥበቃ ረጅም ነበር፤ ጨዋታው ጠረጴዛ ላይ የደረሰው በጥር 2024 ነው። ጥፋቱ አልተሻረም። ታሪኩ ከካርል ፍራንዝ 250 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በርካታ ሰዎች ለአንድ ዙፋን በሚሻኮቱበት ዘመን ቆመ። ብልህ መፍትሔ ነው፤ ሞቱ ሩቅ ሆነ፣ ሰዓቱም እንደገና ቆመ። መጀመሪያ ለገበያ የቀረቡት ሁለቱ ጦሮች በፊት እንደ ትርፍ የተቆጠሩት ብሬቶኒያና የኔሄካራ ነገሥታት ናቸው። በሳጥኖቹ ውስጥ አዲስ ከተቀረጹት ጎን በቀድሞው ቅርጽ እንደገና የተመረቱ የድሮ ምስሎች ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ተጫዋች ይህ የሚያስከፋ አልነበረም። ሳጥን ውስጥ አቧራ ለብሶ የኖረው ባላባት ከሱቅ ከመጣው ጋር አንድ ሰልፍ ውስጥ ጎን ለጎን ይገባል።

መቆሚያውም አራት ማዕዘን ነው። ቢሆንም ልኩ ተቀይሯል፤ የሰው ወታደር ከ20 ሚሊ ሜትር ወደ 25፣ ኦርኩ ከ25 ወደ 30። ስለዚህ በ2015 ልቡ ተሰብሮ ወታደሮቹን ወደ ክብ መቆሚያ ያሸጋገረው ሰው አሁን በምላጭ እየፈለቀቀ ይመልሳቸዋል፤ ምንም ሳይነካ ያቆየው ደግሞ ለትንሹ መቆሚያ ማስፊያ ትሪ ይፈልጋል። ይህ ትሪ አሁን ለብዙ ትንንሽ አምራቾች እንጀራ ሆኗል።

ዘጠኝ ጦሮች ሙሉ መጽሐፍና ሙሉ ድጋፍ ይዘው ተመለሱ፤ በ2025 ካታይ ተጨመረች። ሰባት ጦሮች ግን አልተመለሱም ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዳቸው አንድ የነጻ ዝርዝር ብቻ ተሰጥቷቸው ከዚያ በላይ እንደማይጨመርላቸው ተነገረ። በ2024 የሲግማር ዘመን ተጫዋቾችም ተራው ደረሳቸው፤ ጨዋታው ወደ አራተኛ እትሙ ሲሸጋገር ከወርቃማ ተዋጊዎቹ መካከል የቆዩት ከሽያጭ እንደሚወጡ፣ የአውሬ ሰዎቹ ጦር ደግሞ ከሲግማር ዘመን ተነሥቶ በአሮጌው ዓለም ብቻ እንደሚቀር ተነገራቸው።

ካልተመለሱት ሰባት ጦሮች አንዱ የጥቁር ኤልፎች ጦር ነው። ባለቤቶቹ ዝርዝሩን አትመው፣ ምስሎቻቸውን በ25 ሚሊ ሜትር ላይ አቁመው፣ ከብሬቶኒያ ባላባቶች ፊት ያሰልፋሉ።